ወንዛዬ ድረስ ይዤው የሄድኩት ጉልበት

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በገና ዕለት ነው። ልርሳው ብልም ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ደብረ ታቦር ውስጥ ወጌሻ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የተሰበረ የበግ እግር እያሰርኩ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የወለቀ ትከሻም ሆነ የዞረ ቁርጭምጭሚት ከእጄ አምልጦ አያውቅም። ሐኪም ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው በሬን ሲያንኳኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የዚያን ቀን ገና ልንጫወት ሜዳ ወጣን። የጎረቤቴ ልጅ ስንዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ወንድሟ ሲጫወት ልታይ መጥታ ሁላችንንም ሰበሰበችን።

"ሳታሟሙቁ ጨዋታ የለም። ሜዳውን በዝግታ ዙሩ፤ ጭናችሁንና ባታችሁን አፍታቱ።"

ወጣቶቹ ታዘዙ።

"አባባ፣ እርስዎም" አለችኝ።

"ልጄ፣ እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ ሳሟሙቅ ነው የኖርኩት።"

ሰው ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት ግን እኔው ነኝ።

ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ሦስተኛ ጊዜ ወደ እኔ ስትመጣ ዱላዬን ሰንዝሬ ዞርኩ። እኔ ዞርኩ፤ እግሬ እዚያው ቀረ። ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። መሬት ላይ እንደወደቅሁ የመታኝን ሰው ፈለግሁ፤ በአጠገቤ ማንም አልነበረም።

"አያ ደምሴ፣ ማን መታህ? ነፋሱ?" አለ እኩያዬ አያ መኮንን።

ስንዱ ጉልበቴን ዳሰሰች፤ ደግፋ አቆመችኝና መርገጤን አየች። "አጥንቱ ደህና ይመስላል፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ጨርቅ ያድርጉበት፣ በሚለጠጥ ፋሻ ይጠቅልሉት፣ እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ይረፉ። ሁለት ሦስት ቀን እንዳይታሽ፤ ሙቀትም እንዳይነካው። ይህን ካደረጉ ለጥምቀት ታቦት ያጅባሉ።"

እስከዚያ ድረስ ታቦት ሳላጅብ የቀረሁበት ጥምቀት አልነበረም። የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እቤት እንደገባሁ ቅቤ ቀብቼ አሸሁት። በማግስቱ ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድኩ። አዋቂ አይደለሁ!

ግማሽ ቀን ተዘፍዝፌ ዋልኩ። ልወጣ ስል ጉልበቴ ዱባ አክሏል፤ ሱሪዬ አላልፍ አለው። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። አንደኛው፣ ከይፋግ የመጣ ነጋዴ፣ አዘነልኝ።

"አባቴ፣ ይሄ በፍል ውሃ የሚድን አይደለም። ደብረ ታቦር ደምሴ የሚባሉ ወጌሻ አሉ፤ እጃቸው መድኃኒት ነው። ለምን እሳቸው ዘንድ አይሄዱም?"

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ምስክር ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

"አውቃቸዋለሁ" አልኩት። "እሳቸው ይቅሩብኝ።"

እቤት ስመለስ ስንዱ እብጠቱን አይታ ያንኑ ቀዝቃዛ ጨርቅና ፋሻ እንደ አዲስ አስጀመረችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ እንደሆነ በደብረ ታቦር ብርድ ጀሪካኑን ደጅ ማሳደር ብቻ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ሳላጥፍ ወደ ላይ እያነሳሁ ጭኔን እንዳጠነክር አዘዘችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "ሜዳ ላይ ጎረምሳ ነበርክ፤ አሁን ምን ያቃስትሃል?" ትለኛለች።

ጥምቀት ደረሰ። ቆልማማውን የገና ዱላዬን ገልብጬ ምርኩዝ አደረግሁትና እስከ መንገዱ ጥግ ሄድኩ። ታቦቱን ተሳለምኩ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ እምቢ አለ። መኮንን ከሕዝቡ ጋር እየዘለለ አለፈኝ፤ ዞር ብሎ አየኝና የዚያን ቀን እሱም አልቀለደም። ዝማሬው ከጆሮዬ እስኪጠፋ እዚያው ቆምኩ።

ዛሬም ወጌሻ ነኝ፤ ዛሬም የሚስተካከለኝ የለም። ትኩስ ጉዳት ይዞ ለመጣ ግን እጆቼን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ አስይዤ ወደ ስንዱ እልከዋለሁ።

የይፋጉ ወዳጄ፣ ይህን ካነበብክ አመሰግንሃለሁ። ያን ሰሞን ከተሰጠኝ ምክር ሁሉ፣ ባለመስማቴ የማልቆጨው ያንተን ብቻ ነው።