እጅ የሚያገኘው ፊት

ጉርድ ሾላ፣ ጋሽ ሙሉጌታ የቲሸርት ማተሚያ ቤት ለሥራ የገባሁ ቀን የሰማሁት የመጀመሪያ ትእዛዝ «ቁሚ» የሚል ነው። ወንበር ፍለጋ ዞር ዞር ስል አይተውኝ ኖሮ «እዚህ ቤት የሚቀመጠው ማሽን ብቻ ነው» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋዋል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከልጅነቴ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም፤ እናቴ «መቀመጫሽ እሾህ ነው ወይ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ቤቷ ጠባብ ናት። በሩ አጠገብ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ ፊልም ማተሚያ፣ ጥግ ላይ ሂት ፕሬስ። ሂት ፕሬስ ለማያውቅ ሰው፣ ከላይ የጋለ ብረት፣ ከታች የጎማ ምንጣፍ ያለው፣ እጀታውን ሲጎትቱት የሚገጥም ትልቅ ካውያ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩኝ። ፎቶው ተገልብጦ ፊልም በሚሉት ስስ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል፤ መጀመሪያ ቀለሙ፣ ከላዩ ነጩ። ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ዱቄቱም እስኪቀልጥ ይሞቃል። ከዚያ ፊልሙ ቲሸርቱ ላይ ተደፍቶ በሂት ፕሬስ ይጫናል። ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ተልጦ ምስሉ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

«ሲቀዘቅዝ» የምትለዋን ቃል እኔ አልሰማኋትም። ቸኩዬ ሳብ ሳደርገው የአንድ ሙሽራ አፍንጫ ፊልሙ ላይ ቀረ። ሚዜዎቹ ሊወስዱት በር ላይ ቆመዋል።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፤ ሌላ ፊልም አወጡና እሳቸው ራሳቸው ሠሩት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ቤት ያልታተመ ነገር የለም። የተመራቂ፣ የሠርግ፣ የሰፈር ኳስ ቡድን፣ የልደት። የማልወደው የለቅሶውን ነው። ጥቁር ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ የሟች ፎቶ፣ ከሥሩ ስሙ። ለአርባው ቤተ ዘመድ ሁሉ ይለብሰዋል። ፎቶውን የሚያመጣው ሰው ስልኩን ሰጥቶኝ አጠገቤ ይቆማል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ፊት ላይ ብርሃን ስጨምርና ስቀንስ እውላለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ቶሎ ጨርሼ ወጥቼ መንገዱን አንድ ዙር ካልዞርኩ አይወጣልኝም ነበር።

ሰላም የመጣችው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። የሲኤምሲ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ታናሽ ወንድሟ ብሩክ ታሞ ሞቶ አርባው እየደረሰ ነበር። በፎቶው ላይ ልጁ ይስቃል። ፊቱን ትንሽ ዘወር ስላደረገ አንደኛው ጆሮው ጎልቶ ወጥቷል፤ በእውነትም ትልቅ ጆሮ ነው።

«ጆሮውን እንዳታሳንሺው» አለችኝ። «እማዬ ብሩክ ብላ ጠርታው አታውቅም። ‹ጆሮዬ› ነው የምትለው።»

አላሳነስኩትም። ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ምስሉን በጭንቅላቱና በጆሮው ዙሪያ ቆረጥኩት። ጥቁሩ ላይ ሲጫን ልጁ ከጨርቁ ወጥቶ የሚያይ መሰለ። ሰላም አየችውና «እሱ ነው» ብላ አለቀሰች። በፊልም የተሠራ ምስል በመጀመሪያው ቀን ወደር የለውም።

ከወራት በኋላ ሰላም የእናቷን ቲሸርት በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ግንባሩ ላይ ስንጥቅ፣ ጉንጩ ላይ ስንጥቅ፤ አገጩ ተልጦ ጥቁሩ ጨርቅ ይታያል።

«ካውያ አድርገውበታል?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«የለም ጋሼ። እማዬ ስታለቅስ ደረቷን ትደቃለች። ሲደክማት ደግሞ እዚያው ፊቱ ላይ ጨርቁን ጨብጣ ትተኛለች።»

ጋሽ ሙሉጌታ ቲሸርቱን በጣታቸው ወጠር አድርገው ተመለከቱት። «ፊልም ለሠርግና ለሩጫ ነው የተሠራው» አሉ። «ደረት መድቃት የሚችል ሙጫ እስካሁን አልመጣም። ሌላ እንሥራላት።»

ሰላም ግን ለሌላ ቲሸርት አልመጣችም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ የእናቷን ከል ሊያስወልቅ ነው፤ ነጭ ቀሚስም ተገዝቷል። እናቷ እትዬ አስካለ ግን ከአሁኑ እምቢ ብለዋል። ልጄ ያለው ጥቁሩ ላይ ነው፣ እሱን አውልቄ የት ልተወው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል፣ መጋረጃ ማስገለጥ ትተዋል፣ እህል የሚቀምሱት በልመና ነው።

«ወንድሜን ቀብሬያለሁ» አለችኝ ሰላም። «አሁን እሷን ልቀብር ነው። ከዚህ ልብስ አውጪልኝ።»

እኔ የቲሸርት ሠራተኛ ነኝ። ይህን ሁሉ ለምን ለእኔ እንደምትነግረኝ አልገባኝም፤ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ስልኬ ላይ የብሩክን ፎቶ እያወጣሁ አይ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር ተኮራረፍን። ቦሌ፣ አትላስ አካባቢ፣ ያለ ፊልም በቀጥታ ጨርቅ ላይ የሚያትም ማሽን እንደገባ ሰምቼ እኛም እናምጣ ብዬ ስነዘንዛቸው ከረምኩ። እሳቸው የሚያምኑት የሚያውቁትን ብቻ ነው። «አንቺ የምትፈልጊው ማሽን አይደለም፣ መሄድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሄድኩ።

አትላስ የነበረው አሠሪዬ ናሆም ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ማሽኑን እንደ አዲስ መኪና ነው የሚያሳየው። «ፊልም እኮ ስቲከር ነው ፍሬ» አለኝ ገና በሩ ላይ። «ይሄ ግን ጨርቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ፊል አድርጊው እስቲ።» በእጄ ዳሰስኩት። ምንም የለም። ቀለሙ ይታያል፣ እጅ ግን የሚያገኘው ጥጡን ብቻ ነው። ይሄ ነው ሥራ ማለት አልኩ።

ማሽኑ ቲሸርቱን እንደ ትሪ ባለ ሰሌዳ ላይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ እየሳበ ቀለሙን ይረጭበታል። አይሰነጠቅም፣ አይላጥም፣ አያፍንም፤ በእጥበት ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ። ጣጣው ግን ብዙ ነው። ጥጥ ካልሆነ አይነካም። ጥቁር ጨርቅ ከሆነ ፈሳሽ ተረጭቶበት፣ ተተኩሶ ደርቆ፣ ከሥሩ ነጭ ቀለም ይነጠፍለታል። ነጩ ቀለም ደግሞ ዝም ካሉት ይዘቅጣል፣ ይደርቃል፣ መርጫውን ይደፍነዋል። ሥራ ኖረም አልኖረም በየጠዋቱ ሊናወጥ፣ ሊጠረግ፣ ሊሞከር ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ ልባችን አብሮ ይጠፋል። እሑድም እየመጣሁ አናውጠው ነበር። በሕይወቴ ከእኔ የባሰ ዕረፍት የሌለው ፍጥረት ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ተስማማን።

አንድ ጠዋት መርጫውን ስጠርግ መላው ብልጭ አለልኝ። ጥጥ፣ ነጭ፣ የማይሰነጠቅ። ነጭ ቲሸርት ከሥሩ ነጭ ቀለምም ፈሳሽም አያስፈልገውም፤ ቀለሙ ቀጥታ ክሩ ውስጥ ነው የሚሰርገው። ለሰላም ደወልኩ።

«ፊቱ ነጭ ላይ ካለ ጥቁሩ ምን ያደርግላቸዋል?» አልኳት።

«በማርያም ቶሎ በይ፣ ሙት ዓመቱ እኮ ደርሷል» አለችኝ።

ከገበያ ካገኘሁት ሁሉ ለስላሳውን ጥጥ መረጥኩ። የቆዳውን ቀለም ስንት ጊዜ አስተካከልኩ። የወጣው ሥራ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል፤ የጥርሱ ብርሃን፣ የጆሮው ጥላ ሳይቀር አለ። ናሆም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ሌላ ሰው እንዲያደርስልኝ አልፈለግሁም፤ ራሴ ይዤ ወደ ሲኤምሲ ሄድኩ።

እትዬ አስካለ መጋረጃው በተዘጋ ሳሎን ውስጥ መከዳ ላይ ተቀምጠዋል። ያንን የተሰነጠቀ ጥቁር ቲሸርት ለብሰዋል። ሰላም እኔ ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። መረቁኝ። ነጩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን አሳለፉበት። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ከላይ ወደ ታች።

«የታለ?» አሉ።

«እዚሁ ነው እትዬ፣ ደረቱ ላይ።»

እጃቸው እንደገና ዞረ። «ዓይኔ ከለቅሶው ወዲህ ጭጋግ ሆኗል ልጄ። እኔ በእጄ ነው የማገኘው። ይሄ ባዶ ጨርቅ ነው።» ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ራሳቸው ደረት መለሱ። በስንጥቁ መሀል ጣታቸው ሄዶ ጠርዙ ላይ ቆመ። «ይኸው። ጆሮው ይኸው።»

ሰላም ፊቷን አዞረች። እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በማሽኑም፣ በናሆምም፣ በእትዬ አስካለም ሳይሆን አይቀርም። ናሆም «ፊል አድርጊው» ያለኝ ነገር በጆሮዬ ይጮኻል። እኛ የሥራው ቁንጮ ብለን የምንሸጠው፣ እጅ የማያገኘው ቀለም፣ ለእሳቸው ልጃቸው የሌለበት ጨርቅ ነው።

ስወጣ ታክሲ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። በአስፋልቱ ዳር ወደ ጉርድ ሾላ በእግሬ ተያያዝኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ ሰው ያየኛል አላልኩም። መንገዱ ሲጋመስ ቆም አልኩና ለሰላም ደወልኩ።

«ዘመዶቻችሁ የገዙት ነጩ ቀሚስ እቤት ነው ያለው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ምነው?»

«ይዘሽ ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ነይ።»

ጋሽ ሙሉጌታን ካየኋቸው ቆይቷል። ሂት ፕሬሱ አጠገብ እንደቆሙ ነው ያገኘኋቸው።

«አዲሱ ማሽን ተበላሸ?» አሉ።

«ደኅና ነው። የመጣሁት ለፊልም ነው፣ ጋሼ።»

ነገሩን ነገርኳቸው። የብሩክን ምስል የእትዬ አስካለ ቀሚስ ላይ እንጫን፣ ነገር ግን ከውጭ አይደለም፤ ከውስጥ፣ ደረቱ በኩል፣ ገላቸው ላይ። ከውጭ ነጭ ቀሚስ ነው፤ ማንም አያየውም። እሳቸው እጃቸውን ሲያስገቡ ያገኙታል። ፊቱም የሚዞረው ወደ ለቀስተኛው ሳይሆን ወደ እናቱ ነው።

«አብደሻል» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ፊልም ገላ ላይ? ያልባቸዋል። ይኮሰኩሳቸዋል።»

«እንዲኮሰኩሳቸው ነው የምፈልገው።»

 ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ኮምፒውተሩን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ነጩን ቀለም ደርቢለት፣ ወፍራም ይሁን። ጆሮው ዙሪያ ጠርዙን አታለስልሺ።»

ሰላም ቀሚሱን ይዛ ስትደርስ ፊልሙ ዱቄቱን ጠጥቶ ደርሷል። ጋሽ ሙሉጌታ ቀሚሱን ገለበጡት፣ ጨርቁ እንዳያር ሙቀቱን ቀነሱ፣ እጀታውን ራሳቸው ጎተቱት። ሲከፈት እጄን ወደ ፕላስቲኩ ሰድጄ መለስኩት። እስኪቀዘቅዝ ቆምኩ። ሦስታችንም ቆምን። እኔ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ምንም ሳልነካ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ላጥኩት። አንዲት ፀጉር እንኳ ፊልሙ ላይ አልቀረችም።

በሙት ዓመቱ ዕለት እኔም ተጠርቼ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ እትዬ አስካለ ፊት ተደርድረው መምከር ጀመሩ። ከል ለዘላለም አይለበስም፣ ሙት አይመለስም፣ ያለችሽን ልጅ አስቢ፤ የሚባለው ሁሉ ተባለ። እሳቸው ቲሸርቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ አክስት ቀሚሱን ሊያለብሷቸው ቢሉ እትዬ አስካለ እጃቸውን መቷቸው።

ሰላም በጉልበቷ ሄደች።  የእናቷን ቀኝ እጅ ይዛ በቀሚሱ አንገት በኩል ወደ ውስጥ አስገባችው።

እጃቸው ጨርቁ ውስጥ ሲሄድ ይታያል። ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ።

«ጆሮዬ» አሉ።

ሴቶቹ ወደ ጓዳ ወሰዷቸው። ነጩን ለብሰው ወጡ፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። መጋረጃው ተገለጠ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጢማቸውን እየዳበሱ «ምክር መቼም የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ደስ ይላል» አሉ። እኔና ሰላም ተያይተን ሳቃችን መጣ፤ ለሐዘኑ ስንል አፋችንን በነጠላ ሸፈንን።

እኔ በናሆም ዘንድም አልረጋሁም። አሁን የራሴ ቤት አለኝ፤ ሂት ፕሬሱም ቀጥታ ማተሚያውም ጎን ለጎን ናቸው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ይመሻል። ያን ነጭ ቲሸርት ሰላም ትለብሰዋለች። ደብዝዟል፣ ግን አልተሰነጠቀም። የእትዬ አስካለ ቀሚስ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ አዲስ ፊልም ተጭኖበታል። እንዳሉት ያልባቸዋል፣ ይኮሰኩሳቸዋል። አንድ ቀንም አማርረው አያውቁም።

ሥራውን የምትጀምሩ ልጆች የትኛውን ማሽን እንግዛ ትሉኛላችሁ። ጥጥና ብዙ ቀለም ያለው ፎቶ ከሆነ ቀጥታው ይሻላል። ፖሊስተር፣ ማሊያ፣ ጥድፊያ ከሆነ ፊልሙ ይሻላል። ከሁለቱም በፊት ግን ለባሹ ልብሱን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁ።