ጥቁሩን ያላየ ፊልም

ኢንፍራሬድ ፊልም ለዓይን የማይታየውን ያሳያል ይባላል። አያሳይም። እኔ በልጅነቴ በዚያ ፊልም ያነሳኋቸው ዛፎች፣ አጥሮችና አንዲት ጎረቤታችን ሁሉም በዓይን በደንብ የሚታዩ ነበሩ። ፊልሙ ያደረገው ነገር ቢኖር እኛ የምናየውን እኔ አላይም ብሎ ድርቅ ማለት ነው። ሁሉም ሰው እይ የተባለውን በሚያይበት ዘመን ያ ድርቅና ያስቀናኝ ነበር።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ከብስራተ ገብርኤል ወደ ላፍቶ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከግቢያችን በታች እርሻ ስለነበር ክረምት ሲገባ የእርጥብ አፈርና የባህር ዛፍ ሽታ መኝታ ቤታችን ድረስ ይመጣል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታዴ እኛ ጋ ነበር የሚኖረው። ሥራው ከአውሮፕላን የተነሱ የደንና የእርሻ ፎቶዎች በሚታጠቡበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን በጨለማ ስለሚውል ቤት ሲገባ ወሬው አያልቅም። አንድ ቀን አለቃውን አስፈቅዶ ጊዜው ያለፈበት ሦስት ጥቅል ፊልም ይዞ መጣ።

"ከቀይ ብርሃን ማዶ ያለውን፣ ዓይናችን የማይደርስበትን ብርሃን የሚይዝ ፊልም ነው" አለኝ። "ማዶ" ያለው ነገር ሁሉ በዚያ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ሙቀት እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልለን እንስራው ሥር፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ አስቀመጥነው። እናቴ ውሃ በቀዳች ቁጥር "ይሄ የታዴ ነገር አይፈነዳም?" እያለች ትጠይቃለች።

የመጀመሪያውን ጥቅል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ካሜራውን ፊልም የሚያጎርሰው ጋቢ ውስጥ ገብቶ ነው፤ እኔም እሱን አይቼ የጋሼ ታዴን ካሜራ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቤ አጎረስኩት። የጋቢ አራት ድርብ ለተራ ፊልም ይበቃል። ለዚህኛው ግን ወንፊት ነበር። ታጥቦ ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሯል። "ፀሐይዋን ራሷን ነው እንዴ ያነሳሻት?" አለና ጋሼ ታዴ ሁለተኛውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎብኝ እንዳጎርስ አደረገኝ። እስከ ዛሬ የናፍታሊን ሽታ ሲሸተኝ ጣቶቼ ፊልም ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው በግማሽ ተረፈ። ይህ ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ጋር እኩል ቦታ ላይ ስለማያርፍ፣ በዓይን አጥርተሽ ከጨረስሽ በኋላ ሌንሱን እዚያች ትንሽ ቀይ ነጥብ ላይ መልሺው ተብዬ ነበር። ዓይኔን አምኜ የተውኩባቸው ደብዝዘው ወጡ። ነጥቧን አስታውሼ ያነሳኋቸው ግን ጉድ ነበሩ፦ ባህር ዛፉ ጥጥ ያፈራ መስሎ ነጥቷል፣ ሰማዩ ጥላሸት ለብሷል። ሦስተኛውን ጥቅል ይዤ ልደግም እርሻው ዳር ስቆም አንድ የቀበሌ ጥበቃ አገኘኝ።

"ምንድን ነው የምታነሺው?"

"ቅጠል።"

"ቅጠል? ማን ላከሽ?"

ማንም እንዳልላከኝ ለማስረዳት እናቴና ጋሼ ታዴ ቀበሌ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውና የመጨረሻው ጥቅል ከግቢ እንዳይወጣ ተፈረደበት። በግቢ ውስጥ ደግሞ ችግር ነበር። ፊልሙ አሮጌ ነው፣ ሌንሱ ላይም ቀይ መስታወት ይደረጋል፤ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ የሚነሳው ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። እኛ ግቢ ሳይንቀሳቀሱ የሚቀመጡ ሰው አንድ ብቻ ነበሩ፤ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራዩት እትዬ ዘነበች።

እትዬ ዘነበች ባላቸው በሕመም ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ለብሰዋል። ቀሚሱንም ነጠላውንም ከገበያ በገዙት ቀለም፣ በትልቅ ድስት ራሳቸው አፍልተው ነው የነከሩት። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ዘመዶቻቸው ሐዘን ሊያስወልቁ ነጭ ቀሚስ ይዘው ሲመጡ ምሳ አብልተው ከነቀሚሱ መለሷቸው። አንድ ልጃቸው ግርማ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። ደብዳቤዎቹን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉም የሚያልቁት በአንድ ልመና ነበር፦ ጥቁሩን አውልቂና ፎቶ ላኪልኝ።

ጎረቤት ሁሉ መከራቸው። "ለፎቶው ብቻ ነጭ ይልበሱና መልሰው ያውልቁት፤ አንድ ደቂቃ ናት" ይሏቸዋል።

"ለእኔ አንድ ደቂቃ ናት። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ነው የሚያየው" ይላሉ።

በጥቁርም አይልኩም። ጦር ሜዳ ላለ ልጅ ጥቁር የለበሰች እናት መላክ መርዶ መላክ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ፎቶ ሳይላክ ዓመት አለፈ። በመጨረሻው ደብዳቤ ግርማ "ፎቶ የማትልኪው ታመሽ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ" ብሎ ጻፈ። ያንን ሳነብላቸው ወረቀቱን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አጠፉት።

እኔ ሳነሳቸው ይህን ለመፍታት አስቤ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። ውሸት ነው። የፈለግሁት የማይንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው። ከጌሾው ፊት በርጩማ አስቀመጥኩላቸው።

"የሚላክ አይደለም አይደል?"

"ለቅጠሉ ነው፣ እትዬ።"

"ለቅጠሉ ከሆነ እሺ።"

ጋሼ ታዴ አጥቦና አትሞ ሲያመጣው ጌሾው ነጭ ነበር። ያንን ጠብቄአለሁ። ቀሚሱና ነጠላው ግን እነሱም ነጭ ነበሩ። ፊታቸው ወተት የነካው ይመስላል፣ ዓይናቸው ጠቁሯል፣ የላስቲክ ጫማቸው ብቻ እንደነበረው ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። እትዬ ዘነበች ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ።

"አንተ ታዴ፣ ማን ነው ያስወለቀኝ?"

"ማንም፣ እትዬ። ፊልሙ የነከሩበትን ቀለም አያየውም። ከሥሩ ያለውን ጥጥ ነው ያየው።"

"ይዋሻል ማለት ነው?"

"ኧረ አይዋሽም። እውነቱን ሁሉ ግን አይናገርም።"

"እንደ ሬዲዮው በለኛ።" አሉ እትዬ ዘነበች። እናቴ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

ሁለት ቀን ፎቶው እሳቸው ጋ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጠርተው እስክሪብቶ ሰጡኝና ከጀርባው እንድጽፍ አዘዙኝ፦ "ልብሴ ጥቁር ነው። ነጭ ያደረገው ፊልሙ ነው። ጤናዬ ግን እንደምታየው ነው።" ተከራከርኩ። ይህን ከጻፍን ነጩ ምን ይጠቅማል አልኩ። እሳቸው ግን "ነጩን አይቶ ይተኛ፤ ጥቁሩን አንብቦ ይመነኝ" አሉ። አልረታሁም ብዬ ፊደሉን እንደ ጉንዳን አሳነስኩት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ፣ ቀስ ብለው የሚያነቡ ሴት መሆናቸውን ረስቼ ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና አሰርዘው ከሥሩ እንደገና አጻፉኝ።

መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ግርማ "ፊቱን ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ ጀርባውን ለብቻዬ አነበዋለሁ። አሁን እየተኛሁ ነው" ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

መንግሥት ሲለወጥ ግርማ ከስቶ በእግሩ ገባ፤ ፎቶው በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አሁንስ ጥቁሩን ያወልቃሉ ብሎ ሰፈሩ ጠበቀ። "የባሌ ሐዘን ከልጄ መምጣት ጋር ምን አገናኘው?" አሉ። ቆይተው በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ ሲበቃቸው አወለቁት።

ያ ዘመን አይናፍቀኝም። ለስኳር ተሰልፈን፣ ቅጠል ስላነሳን ቀበሌ ተጠርተን፣ የጎረቤት ልጅ ሳይወድ ሲዘምት እያየን ነው ያደግነው፤ የሚናፍቀው ይናፍቀው። እርሻው የነበረበት ላፍቶ ዛሬ ፎቅ ነው፤ ቅጠል ማንጣት የፈለገም ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆለፍም፣ ስልኩን ነካ ያደርጋል። እትዬ ዘነበች ያረፉ ሰሞን የግርማ ልጅ ያንን ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አሳምራዋለች። ጌሾው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቀሚሱ ይበልጥ ነጭ፣ የላስቲክ ጫማው እንኳ ነጥቷል። በጣም ያምራል። እኔ ግን በጣቴ ገፋ እያደረግሁ ጀርባውን ስፈልግ ቆየሁ። በስልክ የሚላክ ፎቶ ጀርባ የለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለእናታችሁ ፎቶ ስትልኩ ምኑን እንደነካካችሁት ከሥሩ ጻፉላት።