በመጋቢት አደይ

ሌላው ለታክሲና ለዳቦ ሲያወጣ፣ የእሷ ተራ ቀን የሚጠይቃት ልብ ነው፤ እሱንም ገና በጠዋቱ በዐረብ አገር ከምትኖርበት ሰፈር ከካራንቲና መውጫ፣ የወታደሮች ፍተሻ ላይ ትጨርሰዋለች። በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረችበት ከማዳሟ ቤት ስትጠፋ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማው፣ እዚያው ቀርቷል።

ስለዚህ ዝናብ ካቆረው ረግረግ አደይ የሚመስለውን ቢጫ አበባ ትቀጥፋለች። የጫማዋን ጭቃ ጠርጋ፣ ነጭ ሽርጧን አስተካክላ፣ አበባውን ታቅፋ ቀስ ብላ ትራመዳለች። አበባ እንድታመጣ ማዳም የላከቻት ስለምትመስል፣ የሚፈትሸው ወታደር "ያላ"፣ ሂጂ ብሎ ያሳልፋታል። እሷ ግን ከተያዘች፣ ጎረቤት ዘንድ ያስተኛችውን ልጇን ማን ያነሣዋል?

ትናንት አንዲት ያገሯ ልጅ ከታክሲ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "እህቴ፣ በመጋቢት እንቁጣጣሽ ገባ እንዴ? ለእኔም አቀብይኝ እንጂ!" ብላ በአማርኛ ቀለደችባት። ወታደሩ ቀና ብሎ አበባውን ትቶ ፊቷን አየ። እሷ እንዳልሰማ ሆና አለፈች፤ ላቧ ግን ሽርጧን አርሶት ነበር።

"ያገሬ ልጆች፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ እንዳልሰማ ሆኜ ማለፌ ኩራት አይደለም" ትላለች። "ረግረጉ ሲደርቅ ሌላ ዘዴ አላጣም። እስከዚያው ግን አበባ ይዤ ስታዩኝ፣ እባካችሁ፣ እንደማታውቁኝ ዝም ብላችሁ እለፉኝ።"