ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

ወንድሜ አሰላ ዳር ባለው ወፍጮ ቤቱ፣ መብራት በሄደ ቁጥር አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ያስነሳ ነበር። ከሞተሩ ጎን እስከ ወገቤ የሚደርስ ከባድ የብረት ጎማ አለ፤ መካኒኮች ቮላኖ ይሉታል። ሥራው የሞተሩን ጉልበት ይዞ ማቆየት ነው። ሞተሩ ቢጠፋም የያዘውን እስኪጨርስ ይዞራል። ይህን ያወቅሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ከተዋስኩት የፊዚክስ መጽሐፍ ነው።

ወንድሜ ጠብቆ አያውቅም። ሞተሩን አጥፍቶ ድምፁ ዝም ሲል፣ ገና የሚዞረውን ቮላኖ ጆንያ በጠቀለለበት እጁ ተጭኖ ያቆመዋል። ወረፋ የያዘው ሰው ያጨበጭባል። "ይሄ ሰው አይደለም፣ በሬ ነው!"

አንድ የገበያ ቀን፣ ጆንያ እየከፈትኩ ሳግዘው፣ አላስችል አለኝ።

"ጋሼ፣ ጠፋ እንጂ አልቆመም እኮ። ራሱ እስኪቆም ጠብቀው።"

"አያችሁልኝ? ትናንት ፊደል ቆጥራ ዛሬ ልታስተምረኝ!" አለና በጥፊ አጮለኝ። በብብቴ የያዝኩት መጽሐፍ ዱቄት ላይ ወደቀ። ሰው ሳቀ።

"ወላሂ ነውር ነው! እህትህ አይደለችም እንዴ?" አሉት ገብስ ያመጡ አንዲት እናት።

"እህቴ ስለሆነች ነዋ፣ እማማ!"

በዚያው በመታኝ እጁ ቮላኖውን ተጫነው። የጆንያው ጫፍ በጎማው ዘንጎች መሃል ተጠለፈና እጁን ይዞት ገባ። ትከሻው ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ ክንዱ እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ደሙ ግድግዳው ላይ በመስመር ተረጨ።

"አጥፊው! አጥፊው!" ይላል።

የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ጠፍቷል።

የጆንያ አፍ የምቀድበት ቢላ በእጄ ነበር። ጉንጬ ገና ይለበልበኛል። ቮላኖው አንዴ ዞረ፣ ወንድሜን እያላጋ። ሁለተኛ ዞረ። ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ ነው ገብቼ ጆንያውን የቆረጥኩት።

ሐኪም ቤት እጁን ከክርኑ በላይ ቆረጡት። ዛሬ ሞተሩን የማስነሳውም የማጠፋውም እኔ ነኝ። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ፣ "እሷ ባትኖር አልቄ ነበር፤ እንደ መብረቅ ነው የደረሰችልኝ" ይላል።

በቅርቡ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ያጠፋሁት ሞተር ቮላኖ ገና እየዞረ፣ ወንድሜ ጎማውን እያየ ጠየቀኝ።

"ያኔ እጄን ይዞ ስንቴ ዞረ?"

"አልቆጠርኩም" አልኩት።