የአባ ኮዳው እግር

ሰዓሊዋ ጠዋት መስኮታቸውን ሲከፍቱ ወፎች ተሰልፈው እየገቡ ትከሻቸው ላይ ያርፋሉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ክንፋቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ይቆሙላቸዋል ይባላል። ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ይህን የሚያወራ ሁሉ አንድ ወፍ ይጨምርበታል። ትናንት ሰጎን ላይ ደርሰናል።

ቤታቸውን የረገጠ ሰው ግን ይህን ለማመን ይቸገራል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለው ግማቱ ነው፤ እጁን ጨብጦ፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከቅቤው ጎን በጋዜጣ የተጠቀለለ የሞተ ጉጉት አለ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ዶሮ መስሏት ልትገነጥለው ስትል አፍጥጦ ካያት ወዲህ ሥጋ እርም ብላለች።

የመጀመሪያ ሥዕላቸውን በልጅነታቸው የሳሉት ማድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በከሰል ነው፦ ቁራ የአይጥ አንጀት ሲጎትት። እናታቸው በመጥረጊያው እጀታ ካቀመሷቸው በኋላ «ምናለ አበባ ብትስይ» አሏቸው። እስከ ዛሬ አንድ አበባ አልሳሉም። ሲያድጉ ውሏቸው ከቄራው ጀርባ የቆሻሻ ክምር ላይ ሆነ። አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው፣ አባ ኮዳ የሚባለው ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ረጅም ወፍ የከብት ፈርስ ሲሰለቅጥ ይስላሉ። ሙቀት ሲበዛበት የገዛ እግሩ ላይ ኩሱን ይለቅበታል፤ እግሩ ኖራ የተቀባ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሰዓሊዋ ከሥራቸው ሁሉ የሚኮሩት በዚህ እግር ነው።

ታሪካቸውን ለልጆች በመጽሐፍ ሊያወጣ የመጣው አሳታሚ የካፌውን ወሬ ከነሰጎኑ ለቅሞ፣ ማር ጨምሮበት ጻፈው። ርእሱም «የወፎች እናት» ሆነ። ሲነበብላቸው ፊታቸው ኮመጠጠ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባ ኮዳው እንዳለ እንዲገባላቸው። አሳታሚው ማለላቸው፤ እሳቸውም ለዚያ እግር ሲሉ ማሩን ሁሉ ዋጡ።

በሳምንቱ የናሙናውን ገጽ በአንድ እጁ፣ አፍንጫውን በሌላው ይዞ መጣ። አባ ኮዳው ታጥቧል። እግሩ ሮዝ ሆኗል፤ ምንቃሩ ላይ ይንጠለጠል የነበረው አንጀት ደግሞ አበባ።

«ልጆች ይጸየፋሉ ብለን ነው፣ እማማ። ትንሽ አጸዳናት እንጂ ያው ናት» አለ።

ሰዓሊዋ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ያን ሁሉ ዘመን ጥንብ የቻለ አፍንጫቸው ተጨማደደ።

«እትዬ፣ እሺ በይውና ይሂድ» አለች እህታቸው፤ «ሰውየው ታፍኖ ሊሞትብን ነው።»

ገጹን በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው አንጠልጥለው መለሱለት።

«መጽሐፉ ይቅር» አሉ። «አንድም ወፍ ትከሻዬ ላይ አርፎ አያውቅም፤ ያረፈብኝ ኩስ ነው። ተሰልፎ የመጣ የለም፤ ሬሳቸውን ከቆሻሻ ላይ ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቀጥ ብለው የሚቆሙት ስለሞቱ ነው። የማንም ወፍ እናት አይደለሁም። ሰጎን ደግሞ በዚህ መስኮት አይገባም።»