የሰይድ የአባት ስም

ከሐይቅ የወጣሁት ለመግሪብ ሶላት ሲጣራ ነው፤ ወንዶቹ መስጊድ ገብተው መንገዱ ጭር ሲል። የያዝኩት አንድ ፌስታል ብቻ ነበር፤ ሻንጣ ያንጠለጠለች ሴት የት እንደምትሄድ ትጠየቃለችና። አስፋልቱ ድረስ ያደረሰኝ ባለባጃጅ በመስታወቱ አየት አደረገኝ።

«እማማ፣ ሰርግ ነው ለቅሶ?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

«የማታውቀው ሰው።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» ብሎ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። ደሴ እስክደርስ ወደኋላ አላየሁም፤ ባይም ጨልሞ ነበር።

ይህን የምጽፈው እዚያው ላላችሁና እንደኔ ለወጣችሁ ነው። «ስታበላቸው ከርማ አብራቸው ሄደች» የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። የሄድኩት ካይሮ ነው፤ ልጄ ዘሃራ ዘንድ። ለምን እንደሄድኩ ግን ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይገባም።

ትምህርት ቤት ታሪክ ስንማር ጦርነት ሁሉ ስም ነበረው፤ መንስኤና ውጤቱም ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን ነበር። እኛ የኖርነው ጦርነት ግን ግስ ብቻ ነው። ገቡ፣ ወጡ። ማን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቃላ። መጀመሪያ ሲገቡ ደርግ ወጣ። ጎረቤቴ ሐዋ በዚያ ሰሞን ሰይድን ወልዳ ታይፎይድ ጣላት፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ መድኃኒት የለም። እኔ ዘሃራን ወልጄ አራስ ነበርኩና በአንድ ጡት እሷን፣ በአንድ ጡት ሰይድን ይዤ ከረምኩ። በኛ ሃይማኖት ያጠቡት ልጅ ልጅ ነው። ዘሃራና ሰይድ ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት አይችሉም። ሰይድም አፉን ሲፈታ እኔን «እማ»፣ እናቱን «ሐዋ» ብሎ ጀመረ። ሐዋ ትስቅ ነበር፤ ትንሽም ትቀና ነበር።

ካረጀሁ በኋላ ደግሞ ገቡ። ቤቴ መንገድ ዳር ስለሆነ ሳሎኔን ያዙት። ሥሪልን አሉኝ፤ ሠራሁ። ጠመንጃ ግድግዳዋ ላይ ተደግፎ እንቢ ያለች ካለች እሷ ትንገረን። ከመሃላቸው እግሯ የቆሰለ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ውሃ ስሰጣት በሁለት እጇ ትቀበለኝ ነበር። ያሳደጋት ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚያ ወጡ፤ የኛዎቹ ገቡ። ሰይድ ከሚሊሻዎቹ ጋር ነበር። በቀጥታ እኔ ቤት መጣ።

«እማ፣ የሠራሽላቸው በየትኛው ድስት ነው?»

የብረት ድስቱን አሳየሁት። ግቢ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ተኮሰበት።

«ሌላ ቀን ድስቱን አልመታም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዬ ላይ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ሐዋ ታናሹ ልጇ ሞቶባት ሐዘን ላይ ነበረች፤ ከሐዘኗ ተነሥታ መጣች።

«ፋጤ፣ ሂጂ» አለችኝ። «አንዱን ቀብሬአለሁ። ሌላው ባንቺ እጁን አርክሶ አላህ ፊት እንዲቆም አልፈልግም።»

ሄድኩ።

ካይሮ ዝናብ የላትም፤ አቧራ ነው የሚዘንበው። ሙሉኺያ የሚሉት ወጣቸው ይዝለገለጋል፤ ተልባ የለመደ ሰው ግን ይችለዋል። ፉላቸውን አልነቅፍም፤ ባቄላ የትም ባቄላ ነው። አሮጊት ሁሉ እዚህ «ሐጋ» ትባላለች፤ መካን ሳላይ ሐጅ አደረጉኝ። የሚያስቸግረኝ ሰላምታቸው ነው። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ ስለ ቤትሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለ ከብቱ አይጠይቅም፤ ሰላም ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ ገና መልስ እያዘጋጀሁ እቀራለሁ።

አከራያችን ወፍራም ሰውዬ ነው።

«ሐጋ፣ ኪራይ ይጨምራል።»

«ለምን?» አልኩ፤ ዘሃራ እያስተረጎመችልኝ።

«ኑሮው ተወዷል። እናንተ ሐበሾችም ውሃችንን ገድባችኋል።»

«ከሐይቅ ነኝ በይው። የኛ ውሃ መውጫ የለውም፤ የትም አይፈስም።»

ሳቀ፤ ኪራዩንም ጨመረ። የመኖሪያ ካርድ ካላመጣሁ ግን ውሉን እንደማያድስ ነገረን፤ ፖሊስ ደጁን እንዲረግጥ አይፈልግም። ካርድ የሚገኘው የስደተኞቹ ቢሮ ታሪኬን ከተቀበለው ነው። ካልተቀበለው መመለሻዬ ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ሰይድ አለ።

በቀጠሮዬ ቀን አስተርጓሚው፣ ሽክ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ መከረኝ።

«እማማ፣ ያሳጥሩት። አማጺዎች አባረሩኝ ይበሉ፤ ያልቃል። ጎረቤት ምናምን ካሉ ሴትዮዋን ግራ ያጋቧታል።»

ጠያቂዋ እንግሊዝኛ የምትናገር ወጣት ፈረንጅ ናት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ መናገሩ ቢጠፋኝም ጆሮዬ አልጠፋም።

«ከቤትዎ ያስወጣዎት ማነው?»

«መጡብኝ፤ ድስቴን መቱ፤ ድንጋይ ወረወሩ።»

አስተርጓሚው «ሪበልስ» ሲል ሰማሁት፤ አማጺዎች ማለቱ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ሪበልስ አላልኩም።»

«እማማ፣ ‹መጡ› ብቻ ነው ያሉኝ! ባለቤቱ የታለ? እንግሊዝኛ ያለ ባለቤት አይሄድም።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ሰይድ ነው፤ የጡት ልጄ።»

ትንሽ አሰበና «ሰን» አላት። እሷም ቀና አለች።

«ልጅዎ ነው?»

«ያጠባሁት ነው።»

«አልወለዱትም?»

«ሐዋ ናት የወለደችው።»

«ታዲያ እንዴት ልጅዎ ሆነ?»

«መድኃኒት ስላልነበረ።»

አስተርጓሚው ግንባሩን ጠረገ። «በአረብኛ ቢሆን እኮ ለጡት ልጅ ቃል አላቸው፤ ተገላግዬ ነበር» አለ ለራሱ።

«የየትኛው ወገን አባል ነው?»

«የሐዋ ልጅ ነው።»

«ፖለቲካውን ነው የምትጠይቅዎ።»

«ፖለቲካውም እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙን ውጫሌ በኩል ገደሉበት። ቀብሮት ሲመለስ የገደሉት ሰዎች እኔ ቤት በልተው ሄደዋል።»

ሴትዮዋ መጻፏን ተወች። እኔም ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። እስከዚያ ቀን የማስበው ድስቴን ነበር። ወንድሙን ያቃበሩት ሰዎች እኔ ለማን ስሠራ እንደከረምኩ እየነገሩት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

«ሙሉ ስሙን ይንገሩን» አለች።

ሐይቅ ገበያ ቆመሽ «ሰይድ!» ብትዪ ግማሹ ወንድ ዞሮ ያያል። የአባቱ ስም ሲጨመርበት ግን አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ነገ ደግሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ አላውቅም። የሚገባ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ስም መፈለግ እንደሆነ ግን አይቻለሁ።

«ይንገሯት እንጂ» አለኝ አስተርጓሚው በሹክሹክታ። «ስም ከሌለ አያምኑዎትም።»

«ሰይድ ይመር» አልኩ።

ይመር የሞተው ባሌ ነው። ያጠባሁት ልጅ ለሱም ልጁ ነው፤ ስለዚህ አልዋሸሁም። እዚህም የአባቱን ስም አልጽፈውም።

ሴትዮዋ የቀድሞውን ገጽ ገልጣ አየች። «ይመር ባለቤትዎ አይደሉም እንዴ? እንግዲያው የራሳችሁ ልጅ ነው።»

«ልጄ ነው።»

«ይህ የቤተሰብ ጠብ ነው፤ ለስደተኝነት አይበቃም» አለች፤ ያዘነችልኝ መሰለኝ።

ማታ ዘሃራ ስትሰማ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምን ነካሽ እማ? ተኩሶብሽ ትደብቂዋለሽ?»

«ድስቱ ላይ ነው የተኮሰው።»

«ቢመልሱሽስ?»

ሳህኑን አንሥቼ እራት አቀረብኩላት።

ውጤቱ ገና አልመጣም። አከራዩ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ካርዱስ፣ ሐጋ?» ይለኛል፤ «ቡክራ» እለዋለሁ፤ ነገ ማለት ነው። ይህን ከነሱ ተምሬአለሁ። ባለፈው ጁምዓ ለሐዋ ደወልኩላት።

«ፋጤ፣ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ስሙንስ?»

«ሰይድ ይመር ብያቸዋለሁ።»



«አላህ ይክፈልሽ» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ።

«እማ» አለ ሰይድ።

«አለሁ።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

የዚህን ልጅ ድምፅ ጡቴ ላይ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲርበው፣ ሲያመው፣ ሲዋሽ ሳላየው እለየዋለሁ። ይህን ግን መለየት አቃተኝ።

«እየጠበቅሁሽ ነው» አለኝ።

የናፈቀም ይጠብቃል፤ ያደፈጠም ይጠብቃል።

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

«ኢንሻአላህ» አለ እሱም።