የእትዬ የሺአረግ ጠዋት

መምህር ዘርአጽዮን ፊዚክስ ሲያስተምር አስቸጋሪ የሚባሉት ተማሪዎች እንኳ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ችግሩ መድረሱ ላይ ነበር። ከቤቱ ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ኢምፔሪያል! ፍጥነትን በቀመር የሚያሰላው ሰውዬ ለታክሲ ሰልፍ ቀመር አጥቶ፣ የሁለት ሰዓቱን ክፍል ሁለት ተኩል ላይ ላቡን እየጠረገ ይገባል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ሦስተኛው ከመጣ ከሥራ ይባረራል።

አንድ ቀን እያስተማረ ሳለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እትዬ የሺአረግ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲጽፉ አያቸው። «በቃ፣ ደቂቃ እየቆጠሩብኝ ነው» አለ በሆዱ። በዚያው ሳምንት መምህራን አንዱ ሌላውን የሚመዝንበት፣ ነጥቡ ለዓመቱ ሽልማት የሚቆጠር ቅጽ መጣ። «ከባልደረባ ጋር መተባበር» በሚለው ላይ ለእሳቸው ከአምስት አንድ ሰጥቶ፣ ፖስታውን አሽጎ አስረከበ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ሰኞ አዲስ የክፍለ ጊዜ ድልድል ተለጠፈ። የእሱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ወደ ሦስተኛ ተዛውረዋል፤ በእሱ ቦታ የገቡት እትዬ የሺአረግ ናቸው። ዘርአጽዮን ግድግዳው ሥር ደርቆ ቀረ። እኚህ ሴት ጠዋት ጠዋት አልጋ የያዙ እናታቸውን አብልተው እንደሚመጡ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እየሮጠ ሄደ። «እትዬ፣ እናትዎስ?»

«ጎረቤቴ ሀቢባ ታበላልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። አንተ አርፈህ አስተምር።»

«ያን ቀን ከኋላ ሆነው የጻፉትስ?»

«ትምህርትህን ነዋ! አገላለጽህን ለእኔ ክፍል ሰረቅሁብህ። እንዳንተ የሚያስረዳ ሰው በታክሲ ሰልፍ አይባረርም።»

እንባው መጣ። «እኔ እኮ ቅጹ ላይ አንድ ነው የሰጠሁዎት።»

እትዬ የሺአረግ ሳቁ። «ዜሮ የለውም እንዴ ቅጹ?»

በዓመቱ መጨረሻ የምስጉን መምህርነት ሽልማት እትዬ የሺአረግን በጥቂት ነጥብ አመለጣቸው። እነዚያ ነጥቦች በማን እንደጎደሉ ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሱበትም። ዘርአጽዮን ሥራውንም እንጀራውንም ያተረፉለትን ሴት በምን ቃል እንደሚያመሰግን ክረምቱን ሙሉ ጨነቀው።

በመስከረም ከትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ገርጂ ጠባብ ክፍል ተከራየ። የአዲሱ ዓመት ድልድል ሳይለጠፍ ቢሮ ገብቶም «የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ መልሱልኝ» አለ። አሁን የሁለት ሰዓት ደወል ሲደወል ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። እትዬ የሺአረግ በዚያች ሰዓት ቤታቸው ናቸው፤ እናታቸውን በእጃቸው ያጎርሳሉ።